ሽቦው ካላለፈ ፊኛው አይደርስም

ስለ ተዘጋ የእግር ደም ቧንቧ ሕክምና የሚጻፈውን የሚከታተል ሰው ክርክሩ ሁሉ ቧንቧው ውስጥ ተነፍቶ ስለሚያሰፋው ፊኛና ቧንቧውን ከፍቶ ስለሚይዘው የመረብ ቱቦ፣ ስለ ስቴንት፣ ይመስለዋል። መድኃኒት የተቀባ ፊኛ ይሻላል ወይስ ተራው? ፊኛው ላይ የሚቀባው ፓክሊታክሴል የተባለ መድኃኒት ዕድሜ ያሳጥራል ወይስ አያሳጥርም? ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞችን ሲያነታርክ ከርሞ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2023 ያለው መረጃ የሞት አደጋ መጨመሩን እንደማይደግፍ ካስታወቀ በኋላ ነው ጋብ ያለው።

ከፊኛው ቀድሞ የሚሠራው ዕቃ ግን በዚህ ሁሉ ንትርክ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ፊኛም ስቴንትም በራሳቸው ተጉዘው የትም አይደርሱም። ዶቃ በክር ላይ እንደሚንሸራተት፣ ቀድሞ በገባ ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰክተው ነው የሚሄዱት። ሐኪሞች በመካከላቸው «ዋየር» ይሉታል፤ እኔ እዚህ መሪ ሽቦ እለዋለሁ። መሪ ሽቦው የተዘጋውን ቦታ አቋርጦ ከወዲያ ማዶ ደም ወዳለበት ቧንቧ ካልወጣ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዘመናዊ ፊኛ ሁሉ ከማሸጊያው አይወጣም።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከባት ይጀምራል። ሰውየው ጥቂት ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል። አንዳንዱ ላይ ለዓመታት በዚሁ ይቆያል። አንዳንዱ ላይ ግን እግር ተኝተውም ያማል፣ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልሽር ትላለች፣ ሲብስ ጣቱ ይጠቁራል። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የእግር ደም ቧንቧ ጥበት እንዳለባቸው ይገመታል፤ ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ድክመት ዋነኞቹ አባባሾች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ እግራቸው ለመቆረጥ አደጋ የሚጋለጥባቸው ጥቂቶቹ ቢሆኑም፣ ስለ ሽቦ ስናወራ በዋናነት የምናወራው ስለነሱ ነው። እነሱ ዘንድ ቧንቧው ጠብቦ ብቻ ሳይሆን በረጅሙ ተደፍኖ ነው የሚገኘው።

ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል። በኖቬምበር 2022 ውጤቱ የታተመው ቤስት-ሲኤልአይ የተባለው ጥናት፣ እግራቸው አደጋ ላይ የደረሰ 1,830 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ገሚሱን በባይፓስ ቀዶ ሕክምና (መዘጊያውን የሚዞር አዲስ የደም መንገድ በመስፋት)፣ ገሚሱን በቧንቧ ውስጥ በሚሠራ ሕክምና እንዲታከሙ አድርጎ ነበር። ከራሳቸው እግር ለባይፓስ የሚሆን ጥሩ የደም መልስ ቧንቧ (ደም ወደ ልብ የሚመልስ፣ ቬን) ካላቸው ሰዎች መካከል ቀዶ ሕክምናው በቴክኒክ ረገድ በ98.3 በመቶ ሲሳካ፣ በቧንቧ ውስጥ የተሠራው በ84.7 በመቶ ነበር የተሳካው። ልብ በሉ፤ ይህ ከወራት በኋላ ተመልሶ የተዘጋውን አይደለም የሚቆጥረው። የሚቆጥረው ገና ከጅምሩ ያልሆነውን ነው። ከሰባት ሰው አንዱ ገደማ ማለት ነው። ጉድለቱ ሁሉ የሽቦ ነው ማለት አይቻልም። ሙሉ በሙሉ በተደፈነ ቧንቧ ላይ ሥራው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ግን ሽቦው አለማለፉ ነው። ከጉልበት በታች ባሉ ቧንቧዎች ላይ ከላይ ወደ ታች የሚደረገው የማቋረጥ ሙከራ እስከ 20 በመቶ በሚሆን ጊዜ እንደሚከሽፍ በሙያው ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ ይጠቀሳል።

ሁሉም ከሽቦ ተጀመረ

የዚህ ሕክምና ታሪክ በፊኛ ሳይሆን በሽቦ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊድናዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ስቬን-ኢቫር ሴልዲንገር ዛሬ ስሙን የያዘውን ዘዴ አሳተመ። ቧንቧውን በመርፌ ትወጋለህ፣ በመርፌው ቀዳዳ ሽቦ ታስገባለህ፣ መርፌውን አውጥተህ በሽቦው ላይ ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ ታሳልፋለህ። ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ካቴተር ለማስገባት ወይ ካቴተሩን የሚያሳልፍ ወፍራም መርፌ፣ ወይ ቆዳን ቀዶ ቧንቧውን ማውጣት ያስፈልግ ነበር።

አሥር ዓመት ቆይቶ አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር በ1963 ለምርመራ ብሎ ያስገባው ካቴተር ተዘግቶ የነበረ የዳሌ ደም ቧንቧን ሳይታሰብ በርግዶ አለፈ። ለሌላ ሰው ይህ ስህተት ነበር፤ ለዶተር ሐሳብ ሆነ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1964 የ82 ዓመት ሴት አቀረቡለት። ጣቶቿ ጋንግሪን ይዟቸዋል፣ እግሯን ለማስቆረጥ ግን አሻፈረኝ ብላለች። ዶተር በጠበበው የጭኗ ቧንቧ ሽቦ አሳለፈ፣ በሽቦው ላይ ደግሞ እየወፈሩ የሚሄዱ የቴፍሎን ካቴተሮችን አስከተለ። እግሯ ሞቀ፣ ሴትዮዋም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በሁለት እግሯ ሄደች። አንድሬያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ ፊኛውን ይዞ የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው። ዶተር ከጊታር ክርና ከመኪና የፍጥነት መለኪያ ገመድ መሪ ሽቦ ይሠራ እንደነበር ይነገርለታል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በየመደርደሪያው የተደረደረውን የሽቦ ዓይነት ቢያይ ምን ይል ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

አንድ የሚመስለው ሽቦ

ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ያው ነው፦ ቁመቱ ከ180 እስከ 300 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ነገር። ውፍረቱ በኢንች ይጠራል። ወፍራሙ 0.035 ኢንች፣ ማለትም 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መካከለኛው 0.018 ኢንች (0.46 ሚሊ ሜትር)፣ ቀጭኑ 0.014 ኢንች (0.36 ሚሊ ሜትር)። ወፍራሙ በዋናነት ለዳሌና ለጭን፣ ቀጭኑ ከጉልበት በታች ላሉት ነው። የጭን ቧንቧ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የቅልጥም ቧንቧዎች ግን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው፣ ወደ እግር መዳፍ ሲወርዱ ደግሞ ይብሳሉ።

ውስጡ ሲፈተሽ አራት ነገር ይገኛል። መጀመሪያ እምብርቱ፣ የሽቦው አከርካሪ። ከማይዝግ ብረት ከተሠራ የሐኪሙን ግፊትና ሽክርክሪት ሳያባክን ወደ ጫፍ ያደርሳል፤ አንዴ ከተቀጨ ግን አይቃናም። ኒቲኖል ከሚባለው የኒኬልና የታይታኒየም ቅልቅል ከተሠራ ደግሞ ምንም ቢታጠፍ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ በጠመዝማዛ ቧንቧም በገርነት ይሄዳል። በአንጻሩ ከውጭ የሰጡትን ዙር እንደ ብረቱ በትክክል አያደርስም፣ ጫፉንም በፈለጉት ቅርጽ ለማጠፍ ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ እምብርቱ እስከ ጫፉ መድረሱ ወይም ጥቂት ሲቀረው ማለቁ ነው። እስከ ጫፉ ከደረሰ ሽቦው ታዛዥና ወጊ ይሆናል፤ ቀድሞ ካለቀ ለስላሳና ገራገር።

ሦስተኛውና አራተኛው ጫፉን የሚሸፍኑት ናቸው። አንዳንዱ ጫፍ እንደ ምንጭ በተጠመጠመ ስስ ሽቦ፣ አንዳንዱ በፕላስቲክ እጅጌ ይለበጣል። ከዚያ በላይ የሚቀባው ልባስ ውሃ ወዳድ ወይም ውሃ ጠል ሊሆን ይችላል። ውሃ ወዳዱ ሲረጥብ እንደ ዓሣ ያዳልጣል። የጃፓኑ ቴሩሞ የሚሠራው 0.035 ሽቦ በዚህ ባሕርይው ነው ስመ ጥር የሆነው። በየትኛውም ስንጥቅ ይሾልካል፤ ችግሩ ሲሾልክ ሐኪሙ እጁ ላይ ምንም አለመሰማቱ ነው። ውሃ ጠሉ በተቃራኒው ይጎረብጣል፣ ይይዛል፣ ጫፉ ምን እንደነካ ለጣት ይነግራል። የተዘጋ ቧንቧ የሚከፍት ሰው በስክሪኑ ላይ ጥላ ነው የሚያየው። መዘጊያው ድንጋይ ይሁን ጭቃ የሚያውቀው በጣቱ ነው። ስለዚህ የሚያዳልጥ ሽቦ ሲመርጥ ፍጥነት ገዝቶ ስሜት እየሸጠ ነው።

ግራሙ ምን ይላል፣ ምን አይልም

በሽቦ ገበያ ላይ እንደ ፈረስ ጉልበት የሚቆጠር አንድ ቁጥር አለ፤ የጫፍ ክብደት ይሉታል። ጫፉ ጠንካራ ነገር ላይ ተደግፎ ሲገፋ እስኪታጠፍ ድረስ የሚችለው ኃይል ነው፣ በግራም ይለካል። ለዕለት ሥራ የሚውለው ለስላሳ ሽቦ ከ1 ግራም በታች ሊሆን ይችላል። መካከለኞቹ ከ3 እስከ 6 አካባቢ ናቸው። ቪክትሪ የሚባለው የሽቦ ቤተሰብ በ12፣ 18፣ 25 እና 30 ግራም ይመጣል። አሳሂ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው አስታቶ ደግሞ በ20 እና በ30 ግራም፣ ከዚያም በላይ ይገኛል። ጀማሪ ሐኪም ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ የሚመጣለት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ 6 ካላለፈ 12፣ 12 ካላለፈ 30።

ቁጥሩ ግን ግማሽ ወሬ ነው። ግራም ኃይልን እንጂ ግፊትን አይናገርም፤ መርፌና የእርሳስ ጀርባ በእኩል ጉልበት ቢጫኑ ቆዳን የሚበሳው መርፌው ነው። እዚህም እንደዚያው። 0.014 ኢንች ውፍረት ያለው ሽቦ ጫፉ ሳይሾል ከቀረ የሚያርፈው 0.1 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ላይ ነው። ጫፉ ወደ 0.008 ኢንች ሲሾል ግን (ባለ 20 ግራሙ አስታቶ እንዲህ ነው) ስፋቱ ወደ 0.03 ይወርዳል። ስለዚህ በእኩል ግራም የሾለው ጫፍ መዘጊያው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ሁለት ሽቦዎች አንድ ዓይነት ግራም ተጽፎባቸው አንዱ ይበሳል፣ ሌላው ይንሸራተታል።

ከዚህም የሚያስገርመው ቁጥሩ በሰው እጅ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ፋብሪካው የሚለካው ጫፉ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነፃ ሆኖ ነው። ሐኪሙ ደጋፊ ካቴተር ወይም ትንሽ ፊኛ አምጥቶ ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ድረስ ቢያስጠጋው ግን፣ ነፃ የሆነው ቁመት አጠረ ማለት ነው፤ ያጠረ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይታጠፍም። ለስላሳ የተባለው ሽቦ በዚህ ብቻ እጥፍ ድርብ ጠንክሮ ያድራል። ስለዚህ ሽቦውን ከመቀየር በፊት ድጋፉን ማስጠጋት የመጀመሪያው «ሌላ ሽቦ» ነው። ሽቦ አጠንክረው መዘጊያው አልበገር ያላቸው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የረሱት ይህን ይመስለኛል።

ድጋፍ ከካቴተር ብቻ አይመጣም፤ ከመግቢያውም ይመጣል። በጤነኛው እግር ብሽሽት ገብቶ ዳሌ ላይ ዞሮ ወደ ታመመው እግር የሚወርድ ሽቦ ረጅም መንገድና ስል ኩርባ ስላለበት፣ ሐኪሙ ከውጭ የሰጠው ግፊትና ዙር መንገድ ላይ ይበላል። በታመመው እግር ብሽሽት ቁልቁል የገባ ሽቦ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ያው ሽቦ፣ ያው ሐኪም፣ ያው መዘጊያ ሆኖ ውጤቱ የሚለያየው በዚህም ጭምር ነው።

መዘጊያው አንድ ዓይነት አይደለም

ሽቦ መምረጥ ማለት መዘጊያውን ማንበብ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ተደፍኖ የኖረ ቧንቧ ከላይና ከታች ክዳን አለው። የደም ግፊት ያለ እረፍት የሚመታው የላይኛው ክዳን ብዙ ጊዜ ጠጣርና ጠባሳ የበዛበት ነው፤ የታችኛው ለስለስ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው አካል ደግሞ ረግቶ የጠነከረ ደም፣ ቅባት፣ ጠባሳና ካልሲየም ተደባልቆ የተሠራ ነው። አንዳንዴ በዓይን የማይታዩ፣ ከሚሊ ሜትር እጅግ ያነሱ ቀዳዳዎች በውስጡ ያልፋሉ።

የክዳኑ ቅርጽ ራሱ ይናገራል። በቀለም በሚነሳው ምስል ላይ የላይኛው ክዳን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ፣ ሽቦውን ራሱ መሃል ለመሃል ይመራዋል፤ ለስላሳና አንሸራታች ሽቦ ሊበቃ ይችላል። እንደ ጉልላት ወደ ላይ ካበጠ ግን ጫፉ በጉልላቱ ትከሻ እየተንሸራተተ ጎን ላይ ወዳለ ቅርንጫፍ ይገባል። አንሸራታች ሽቦ እዚህ ጠላት ነው። የሚያስፈልገው ክዳኑ ላይ ነክሶ የሚቆም፣ ጫፉ ያልተቀባ ወይም ውሃ ጠል የሆነ፣ የሾለና የሚታዘዝ ሽቦ ነው። ከታች ያለው ክዳን ደግሞ ወደ ታች ጎድጎድ ካለ፣ ከእግር በኩል ሽቅብ መምጣት እንደሚቀል ምልክት ነው። የሁለቱን ክዳኖች ቅርጽ አጣምሮ ከላይ ልጀምር ወይስ ከታች የሚለውን የሚያመለክት ምደባ በ2018 ታትሟል። ብዙ ነገር ሳይጠይቅ፣ ያንኑ ሁልጊዜ የሚነሳውን ፎቶ በጥንቃቄ እንዲያዩ ብቻ ስለሚጠይቅ እወደዋለሁ።

ከዚያ ካልሲየሙ አለ። የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ካልሲየም በቧንቧው የመካከለኛ ንጣፍ ውስጥ ይጋገራል፤ በኤክስሬይ ላይ ሁለት ትይዩ የሐዲድ መስመር ይመስላል። ግድግዳው እንዲህ ሲደርቅ ሽቦው ከመንገድ ቢወጣም ግድግዳውን በቀላሉ አይለጥጠውም፤ መመለሻውም ይከብዳል። በሌላ በኩል በ2018 የታተመ፣ ከተቆረጡ እግሮች የተወሰዱ ቧንቧዎችን የመረመረ ጥናት ከጉልበት በታች የተደፈኑት ብዙዎቹ በቅባት ክምችት ሳይሆን በረጋ ደም የተሞሉ እንደነበሩ አሳይቷል። ድንጋይ ነው ተብሎ 30 ግራም የሚነሳለት መዘጊያ አንዳንዴ ውስጡ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ለመጀመሪያው ሙከራ ገር ሽቦ የሚመረጠው ለጨዋነት ብቻ አይደለም።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው እዚህ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ግን «ቀስ በቀስ» ማለት አንድ ሽቦ ይዞ ሰዓት መፍጀት አይደለም። የተለመደው አካሄድ በለስላሳው መጀመር፣ ድጋፍ ማስጠጋት፣ ጥቂት ደቂቃ ሞክሮ ካልተንቀሳቀሰ መቀየር ነው። የሚበሳው ሽቦ ክዳኑን ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ለስላሳው መመለስ። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ክዳን ለመብሳት የተሠራ ሽቦ ከክዳኑ በኋላ ቧንቧው ወዴት እንደሚጠመዘዝ አያውቅም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ይበሳል፣ የቧንቧውን ግድግዳ ጨምሮ።

በግድግዳው ውስጥ መሄድ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ደረስን። ሽቦ አለፈ ሲባል በየት በኩል አለፈ?

እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ ሌስተር ይሠራ የነበረው የራዲዮሎጂ ሐኪም አማን ቦሊያ አንድ ሕመምተኛ ሲያክም ሽቦው ሳይታሰብ ከቧንቧው መተላለፊያ ወጥቶ በግድግዳው ንጣፎች መካከል ገባ። በዚያው ሄዶ ከመዘጊያው በታች ተመልሶ ወደ መተላለፊያው ወጣ። ደሙ በአዲሱ መንገድ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ይህ በዕቅድ የሚሠራ ዘዴ ሆኗል፦ የሚያዳልጠው 0.035 ሽቦ ጫፉ እንደ ቀለበት ይታጠፍና በግድግዳው ንጣፎች መካከል ይገፋል። የታጠፈ ጫፍ ድንዝ ስለሆነ ከመብሳት ይልቅ ንጣፎቹን ይለያያል። 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የጭን መዘጊያን በደቂቃዎች ውስጥ ሲያቋርጥ ማየት ያስደንቃል። በመተላለፊያው መሃል እሄዳለሁ ብሎ ያንኑ ርቀት በሾለ ሽቦ እየቆፈሩ መጓዝ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ዋጋው ኋላ ነው የሚመጣው። በግድግዳ ውስጥ የገባ ሽቦ መውጣት አለበት፤ ያለችግር ካልወጣ የመመለሻ መሣሪያ የሚባሉ፣ ከጎናቸው መርፌ የሚያወጡ ካቴተሮች ያስፈልጋሉ። መውጫው ከታሰበው በታች ከወረደ፣ ቀለበቱ እየሰነጠቀ ያለፈበት ጤነኛ ቧንቧ ተበላሽቷል፤ ለእግሩ ደም ሲያደርሱ የነበሩ ቅርንጫፎችም ሊደፈኑ ይችላሉ። ለወደፊት ባይፓስ ቢያስፈልግ የሚሰፋበት ቦታ ጭምር ሊጠፋ ይችላል። ክምችቱን እየፋቁ የሚያወጡ መሣሪያዎችም በግድግዳ ውስጥ ሲሠሩ የመብሳት አደጋቸው ከፍ ስለሚል ብዙዎች ይተዋቸዋል። የተሰነጠቀው ንጣፍ እየተንጠለጠለ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስቴንት ማስገባት ግድ ይሆናል። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የተመረጠው ሽቦ ሰዓት ቆይቶ የሚመጣውን የፊኛና የስቴንት ውሳኔ ግማሹን ቀድሞ ወስኖታል። ስለ ፊኛ የሚደረገው ክርክር ይህን ሲዘል፣ ከመንገዱ መሃል ተነስቶ የሚቆጥር ይመስለኛል።

ከላይ አልሆን ሲል ከታች ይመጣል። በአልትራሳውንድ ወይም በኤክስሬይ እየተመሩ ቁርጭምጭሚት ወይም እግር መዳፍ ላይ ያለውን ቧንቧ በቀጭን መርፌ ወግቶ 0.014 ወይም 0.018 ሽቦ ሽቅብ መላክ፣ ለስላሳውን የታችኛውን ክዳን መግቢያ ያደርጋል። ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው ሽቦ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ሌላው ካቴተር ውስጥ ይሾልክና ከብሽሽት እስከ እግር አንድ የተወጠረ መስመር ይሆናሉ። በ2005 ሳፋሪ በሚል ስም ከታተመ ወዲህ ይህ ዘዴ ተስፋ የተቆረጠባቸውን ብዙ እግሮች መልሶ ጠረጴዛ ላይ አምጥቷል። ግን አንድ ነገር አይረሳ። የሚወጋው ቧንቧ አንዳንዴ ለመዳፉ ደም የሚያደርሰው ብቸኛው ቧንቧ ነው። እሱ ከተጎዳ ምንም ያልተደረገለት እግር ይሻል ነበር።

ሲበላሽ

የእግር ቧንቧ መበሳት እንደ ልብ ቧንቧ መበሳት ወዲያው የሚገድል አይደለም፤ ለዚህም ነው አንዳንድ ሐኪሞች እግር ላይ እጃቸው የሚደፍረው። ብዙው ቀዳዳ ፊኛ ለጥቂት ደቂቃ ነፍቶ በመያዝ፣ ወይም የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ከውጭ ጠምጥሞ በመጫን ይቆማል። ባት ውስጥ የፈሰሰው ደም ግን ጠባብ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ጡንቻውንና ነርቩን ሊያንቅ ይችላል፤ ያኔ ባቱን በቀዶ መክፈት ያስፈልጋል። የሚያዳልጡት ሽቦዎች በዚህ በኩል ከጠንካሮቹ የማይተናነስ አደጋ አላቸው። አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ውስጥ ሳይሰማ ገብተው ጫፏን ይበሳሉ። ካልሲየም ውስጥ የተቀረቀረ ጫፍን አሁንም አሁንም በአንድ አቅጣጫ ማሽከርከር ደግሞ ጫፉን ቆርጦ እዚያው ያስቀረዋል።

ማስረጃው የት አለ?

እዚህ ላይ ለጉዳዩ ቅርብ የሆነ ሰው ሊያፍር የሚገባው ይመስለኛል። ስለ ፊኛ ልባስ ሺዎችን ያሳተፉ ዕጣ የተጣለባቸው ጥናቶች አሉ። ስለ ሽቦ ያለን አብዛኛው ከጠረጴዛ ላይ መለኪያ፣ ከአንድ ቡድን ልምድ ዘገባ፣ ከልብ ቧንቧ ሕክምና ከተዋስነው ትምህርትና ከመምህር ወደ ተማሪ ከሚተላለፍ የእጅ ጥበብ ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አንድ ሐኪም በአንድ ሕክምና ሦስትና አራት ሽቦ ይቀያይራል። ያለፈው የመጨረሻው ሽቦ ይሁን ከፊቱ የነበረው ያላላለት ማን ይለያል? ጠንካራው ሽቦ የሚወጣው ከባድ መዘጊያ ላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በደፈናው ሲታይ ጠንካራ ሽቦ የውድቀት መንስኤ ሊመስል ይችላል። በዚህ ላይ ሽቦ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ጥናቱ ሲያልቅ ሽቦው ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ክፍተት ትልልቆቹን ጥናቶች ለማንበብም ያስቸግራል። ቤስት-ሲኤልአይ ጥሩ የደም መልስ ላላቸው ባይፓስ እንደሚሻል አሳየ፦ ሞት፣ የእግር መቆረጥ ወይም ትልቅ ድጋሚ ሕክምና የገጠማቸው በቀዶ ሕክምናው 42.6 በመቶ፣ በቧንቧ ውስጥ ሕክምናው 57.4 በመቶ ነበሩ። በ2023 የወጣው የእንግሊዞቹ ባሲል-2 ደግሞ በ345 ሰዎች ላይ ተቃራኒውን አገኘ፦ ሞት ወይም ከቁርጭምጭሚት በላይ መቆረጥ በባይፓስ የጀመሩት ላይ 63 በመቶ፣ በቧንቧ ውስጥ የጀመሩት ላይ 53 በመቶ። ለልዩነቱ ብዙ ምክንያት አለ። የሕመምተኞቹ ዓይነት ይለያያል፣ ባሲል-2 ያተኮረው ከጉልበት በታች በሚሠራው ላይ ነው፣ የሚለኩት ነገርም አንድ አይደለም። ግን ቤስት-ሲኤልአይ ላይ ከቀረቡት ትችቶች አንዱ ያ 84.7 በመቶ ነበር። በቧንቧ ውስጥ ሕክምናው የተለካው በዘዴው አቅም ነው ወይስ በዕለቱ ሽቦውን በያዘው እጅ? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ግን ከታተመው ቁጥር መለየት አይቻልም። ቀዶ ሕክምናን የሚደግፉት በበኩላቸው ዘዴው በብርቅዬ እጅ ብቻ የሚሳካ ከሆነ ያም ራሱ ድክመት ነው ይላሉ፤ አልተሳሳቱም።

በተጨማሪም «ስኬት» የሚለው ቃል ራሱ ያንሸራትታል። ሽቦ ማለፍ አንድ ስኬት ነው። ደም ወደ መዳፉ መውረዱ ሌላ። ቁስሉ መዳኑ ሌላ። ሰውየው ከዓመት በኋላ በእግሩ መቆሙ ደግሞ ከሁሉም ሌላ። አንድ ሽቦ የመጀመሪያውን እያሳካ የኋለኞቹን ሊያበላሽ ይችላል፤ ረጅም መንገድ ሰንጥቆ ያለፈ የታጠፈ ጫፍ በመዝገብ ላይ «አለፈ» ነው የሚባለው።

ሽቦው ከወዲያ ማዶ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይተነፍሳል። ጥንቁቁ ሐኪም ግን ገና ነው። ደጋፊውን ካቴተር ተከትሎ ያሳልፍና ሽቦውን አውጥቶ ጥቂት ቀለም ይረጫል፤ ቀለሙ በቧንቧው ቅርንጫፎች ከተበተነ መንገዱ ትክክል ነው፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለም ነጠብጣብ ከቆመ ግድግዳ ውስጥ ወይም ከቧንቧ ውጭ ነው፣ ፊኛ ቢነፋ ጉዳት ነው። ከዚያ የበሳውን ጠንካራ ሽቦ ያስቀምጥና በዚያው ካቴተር ለስላሳውን ያስገባል፤ ፊኛ ሲገባና ሲወጣ ጫፉ መዳፉ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ መሄዱ ስለማይቀር፣ እዚያ የ30 ግራም ጫፍ መተው ተገቢ አይደለም። ሲጨርስም መዝገቡ ላይ ከፊኛው ስምና መጠን በላይ ሌሎች ነገሮችን ይጽፋል፦ በየትኛው ሽቦ እንደጀመረ፣ በየትኞቹ እንዳለፈ፣ የወጣው በመተላለፊያው ይሁን በግድግዳው። ቀጣዩ ሐኪም ያንኑ እግር ሲያገኝ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ብዙ መዝገቦች ላይ ግን «ሽቦው አለፈ» ብቻ ተብሎ ይገኛል።